ላይንባከሮችን ብሊትዝ ማስተማር፦ ወይ ቀድመው ይገባሉ፣ ወይ ዘግይተው ይደርሳሉ

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ጄቪ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ሜሪላንድ ውስጥ የአንድ ሃይስኩል ጄቪ (ሁለተኛ) ቡድን ረዳት አሰልጣኝ ነኝ፤ ዘንድሮ ላይንባከሮቹን የያዝኳቸው እኔ ነኝ። (የማወራው ስለ አሜሪካን ፉትቦል ነው፤ የእግር ኳስ ወሬ ጠብቃችሁ የገባችሁ ይቅርታ። ለአዲሶች፦ ላይንባከር ከመከላከያው ግንባር መስመር ጀርባ የሚቆም ተከላካይ ነው፤ ብሊትዝ ማለት እሱን መስመሩን ሰብሮ ኳርተርባኩን፣ ኳሱን የሚወረውረውን የአጥቂ መሪ፣ እንዲያሳድድ መላክ ነው።) የምንጫወተው 4-3 ነው፤ ፊት አራት፣ ከጀርባቸው ሦስት ላይንባከር። ማይኩም (የመሀሉ)፣ ዊሉም፣ ሳሙም (የጎኖቹ) የ15ና የ16 ዓመት ልጆች ናቸው። ሩጫ ሲመጣባቸው አይታሙም፤ ይይዛሉ፣ ይጥላሉ። ብሊትዝ ሲጠራ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። አንዳንዴ ቀድመው መስመሩ ላይ ይለጠፉና ኳርተርባኩ አይቷቸው ፕሌዩን ይቀይራል። አንዳንዴ ደግሞ ዘግይተው ይነሱና ጋርዱ (ከመሀሉ አጋጅ፣ ከሴንተሩ፣ ጎን ያለው አጋጅ) ደረታቸውን ይዞ እዚያው ያቆማቸዋል።

ዩቲዩብ ላይ የብሊትዝ ስዕል ሞልቷል፤ ሁሉም ክብና ቀስት ነው። እኔ የቸገረኝ እግሩ፣ እጁና ዓይኑ ነው። ለእኔ ለብቻዬ የተሰጠኝ ጊዜ ማክሰኞና ረቡዕ 15፣ 15 ደቂቃ ነው። ከምን ልጀምር? ስንት ሙቭ (አጋጅ ማለፊያ ዘዴ) ላስተምር? የምታውቁ ዘርዘር አድርጋችሁ ጻፉልኝ።

ኤ_ጋፕ፦

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሒሳቡን እንይ፤ ልጆችህ የሚዘገዩት ሰነፍ ሆነው አይደለም። ኳርተርባኩ ሾትገን ከሆነ፣ ማለትም ከሴንተሩ ርቆ ከቆመ፣ ኳሱን የሚቀበለው ከመስመሩ 5 ያርድ ገደማ ወደ ኋላ ነው። ላይንባከርህም በወዲያኛው በኩል 5 ያርድ ላይ ቆሟል። በመካከላቸው 10 ያርድ አለ ማለት ነው። የዚህ ዕድሜ ልጅ ከቆመበት ተነስቶ 10 ያርድ ለመሮጥ 2 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ የሚያግደው ሰው ሳይቆጠር። ስላንት ወይም ሂች፣ ማለትም አጭርና ፈጣን ፓስ፣ የሚወረውር ኳርተርባክ ደግሞ 2 ሰከንድ ሳይሞላ ኳሱን ለቋል። ስለዚህ ስናፑን (ሴንተሩ ኳሱን ወደ ኋላ የሚሰጥበትን ቅጽበት) ቆሞ የሚጠብቅ ልጅ ምንም ቢፈጥን አይደርስም። ስናፑ ሲመጣ 3 ያርድ ላይ፣ ክብደቱ ወደፊት ተንቀሳቅሶ መገኘት አለበት።

ይህንን የምታስተምረው እንደዚህ ነው። ልጁ በተለመደው ቦታው፣ 5 ያርድ ላይ ይቆማል። ኳርተርባኩ ጥሪውን ሲጀምር በአጫጭር እርምጃ፣ ትከሻው ከፍ ዝቅ ሳይል፣ ሰርቆ ይጠጋል። 3 ያርድ ላይ ሲደርስ ስናፑ ከመጣ ይሄዳል። ካልመጣ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ኋላ ተራምዶ እንደገና ይጠጋል። ልጆች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት 3 ያርድ ላይ ደርሰው ሲገተሩ ነው፤ የቆመ እግር እንደገና ለመነሳት የፈለከውን ጊዜ ሁሉ ይበላል።

እግር፦ ስፋቱ የዳሌ ያህል፣ አንዱ እግር በግማሽ ጫማ ቀደም ያለ፣ ክብደቱ በፊተኛው እግር መዳፍ ላይ፣ የኋላው ተረከዝ ከመሬት ትንሽ ብድግ ያለ። የመጀመሪያው እርምጃ በኋለኛው እግር ወደፊት ነው። አብዛኞቹ ግን ለመነሳት መጀመሪያ ወደ ኋላ ይረግጣሉ፤ እሷ አንዲት እርምጃ ናት ጋርዱን የምታደርሰው። ፈውሱ ቀላል ነው። ፎጣ ጠቅልለህ ከኋለኛው ተረከዝ ጀርባ አስቀምጥ። ፎጣውን የነካ ይደግማል። ቃል አያስፈልግህም፣ ልጁ ራሱ ይሰማዋል።

ዓይን፦ ኳሱ ላይ። ጆሮ አይታመንም፤ ኳርተርባኩ በድምፁ የሚያታልለው ለዚህ ነው። በሃይስኩል ሕግ ደግሞ ዋጋው ከባድ ነው። ሴንተሩ ኳሱ ላይ እጁን ካሳረፈ በኋላ ተከላካይ ወደ ኒውትራል ዞን (በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ክፍተት) ከገባ ወዲያው ፊሽካ ይነፋል፣ 5 ያርድ ይሄዳል። ኤንኤፍኤል (የፕሮፌሽናሎቹ ሊግ) ላይ እንደምታየው ሰው ሳይነካ ተመልሶ መትረፍ የለም። (ቴክሳስ በኮሌጅ ሕግ ነው የሚጫወተው፣ እዚያ ያላችሁ ይለያል።) ለልምምዱ ኳስ በረጅም ዱላ ጫፍ እሰርና አንተ እየጮህክ ቆይተህ ዱላውን አንቀሳቅስ። ድምፅህን ከኳሱ ለይ፤ ሦስት ጊዜ ጮኸህ ኳሱን ሳታንቀሳቅስ ቅር። ሁሉም ሲዘል ታያለህ።

መንገድ፦ ዒላማው የአጋጁ ዳሌ ነው፣ ደረቱ አይደለም። ዳሌው ጋ የደረሰ ልጅ እጆቹን አልፏቸዋል ማለት ነው። በኤ ጋፕ (በሴንተሩና በጋርዱ መካከል) ሲገባ የሴንተሩን ዳሌ እየታከከ፣ በቢ ጋፕ (በጋርዱና ከሱ ውጭ ባለው አጋጅ፣ በታክሉ፣ መካከል) ከሆነ የጋርዱን ውጫዊ ዳሌ፣ በጠርዝ ከሆነ ከታክሉ ውጫዊ ዳሌ ጀርባ አንድ ያርድ ያለችውን ቦታ። መስመሩ ቀጥ ይበል። ኳርተርባኩን እያየ የሚሮጥ ልጅ ሳያውቀው መንገዱን ያጎብጣል፤ እስከ ዳሌው ድረስ ዳሌውን፣ ከዚያ በኋላ ኳርተርባኩን ይይ። ጋፑ ውስጥ ሲገባ ትከሻውን ያዙር፤ የሞላ ሚኒባስ ውስጥ እንደሚገባ ሰው በጎኑ ነው የሚያልፈው። ትከሻው ሰፍቶ ፊት ለፊት የገባ ልጅ ለሁለት አጋጆች እኩል ተመቻቸ።

ሙቭ፦ አንድ። ሪፕ። ለአጋጁ የቀረበው እጅ ከጉልበት ተነስቶ በአጋጁ ብብት ሥር ወደ ላይ ይወጣል፣ እግሩ አይቆምም። ስዊም፣ እጅን ከአጋጁ በላይ አሳልፎ ማለፍ፣ ለረጅም ልጅ ነው፤ አጭሩ እጁን ሲያነሳ ጎኑን ባዶ ይተውና በሁለት መዳፍ ተገፍቶ ይወድቃል። ሪፑ ሲያዝበት የሚተካው ሁለተኛ ነገር ቡል፣ ቀጥታ ገፍቶ መሄድ፣ ይሁን፣ ከዚያ በላይ አትጨምር። ውሳኔው ግጭቱ ከመድረሱ 2 ያርድ በፊት ማለቅ አለበት፤ ደርሶ የሚያስብ ልጅ ቆሟል።

ራኒንግ ባኩ (ኳስ ይዞ የሚሮጠው አጥቂ) ሊያግደው ሲመጣ ብቻ ነገሩ ይለያል። ባኩ ቀላል ነው፣ ቆሞም ይጠብቃል፤ ስለዚህ መሮጡ ለልጅህ ይጠቅመዋል። ግን ደረት ለደረት አይግጠም። ግማሽ ሰውነቱን ይምታ፤ አንዱን ትከሻ መርጦ በእሱ በኩል ይለፍ። ከመሀል የመጣ ከሆነ ወደ ኳርተርባኩ የሚያቀርበውን ትከሻ፣ ጠርዝ የሚጠብቅ ከሆነ የውጩን።

መጨረሻው ላይ ብዙ አልልም። የመጨረሻውን 2 ያርድ እርምጃውን ያሳጥር፣ ኳርተርባኩ ኳሱን ለመወርወር ሲያስመስል ከመሬት አይነሳ፣ በቅርቡ እጅ ይቀፍ፣ በሩቁ የሚወረውረውን ክንድ ይፈልግ።

ማክሰኞ ዱላና ፎጣ 5 ደቂቃ፤ በሁለት ሺልድ (በእጅ የሚያዝ የልምምድ ትራስ) መሀል አንድ ያርድ ክፍተት ትተህ በጎን ማለፍና ሪፕ 6 ደቂቃ፤ የቀረውን ከባክ ጋር ግማሽ ሰውነት። ረቡዕ ሙሉ መንገዱን፣ ኳርተርባክ ኳስ ይዞ ወደ ኋላ እየተራመደ፣ አንተ ስልክህ ላይ ሰዓት እየያዝክ። ስናፑ ከተነሳ በ2.5 ሰከንድ እጁ ኳርተርባኩ ላይ ካረፈ ጥሩ ነው። ከዚያ ካለፈ ችግሩ የት እንዳለ ፎጣው ይነግርሃል።

ፊልም_አያለሁ፦

ከላይ ያለው እግሩን በተመለከተ ትክክል ነው፣ የምጨምረው የለኝም። በቅደም ተከተሉ ግን አልስማማም። ብሊትዝ የሚያስተምር ሰው መጀመሪያ ማስተማር ያለበት አለመሄድን ነው። ልጆቹ የሚጠጉት ሲሄዱ ብቻ ከሆነ ከሁለተኛው ኳርተር በኋላ ተቃራኒው አግዳሚ ወንበር ላይ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። ደንብ አድርገው፤ ማይኩ አንድ ጊዜ ለመምጣት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ተጠግቶ ይመለስ። ሲመለስም የሚሄድበት ቦታ ይኑረው። 3 ያርድ ላይ ደርሶ ስናፑ ከመጣ፣ ወገቡን አዙሮ ወደ ሁክ ዞኑ፣ ፓስ ወደሚሸፍንበት ቦታ፣ 8 ያርድ ገደማ መሮጥን ለብቻው ይለማመድ። ካልተለማመደ ማስመሰሉ ራሱ ከጀርባው ቀዳዳ ይከፍታል።

አሰልጣኝ ማይክ ዚመር የኤንኤፍኤሉን ሚኒሶታ ቫይኪንግስ በያዘበት ጊዜ ሁለቱን ላይንባከሮች በሁለቱ ኤ ጋፕ ውስጥ አቁሞ ስንቱን ሲያስጨንቅ እንደነበር አስቡ። ጉዳዩ ሁልጊዜ መምጣታቸው አልነበረም። ሴንተሩ ሁለቱንም ማየት አለበት፣ ባኩ መሀል መቆም አለበት፣ ጋርዶቹ ወደ ውስጥ ይጠባሉ። ከዚያ ሁለቱም ወደ ኋላ ቢመለሱ እንኳ ጠርዙ ላይ ያለው ሰው ብቻውን ቀርቷል። ለጄቪ ሁለቱንም አታቁም፣ አንዱ ይበቃል።

ስናፑ መቼ እንደሚመጣ የሚነግሩህ ነገሮች አሉ፣ ሐሙስ ፊልም ስታዩ ፈልጓቸው። በሾትገን ብዙ ቡድን ላይ ጋርዱ ወደ ኋላ ዞሮ ኳርተርባኩን ያይና ሴንተሩን መታ ያደርጋል፤ ሴንተሩ ጭንቅላቱን አንስቶ ያወርዳል፤ ከዚያ ኳሱ እስኪመጣ ያለው ጊዜ ሁሌ አንድ ዓይነት ነው። ወይም ኳርተርባኩ አንድ እግሩን ያነሳል። አንዱን ብቻ ለይተህ ለልጆቹ ስጥ። ያ መነሻው ነው፣ ፈቃዱ ግን ኳሱ ነው፤ ይህን አትቀላቅሉ።

ሁለተኛው የፊልም ሥራ ሴንተሩ ወዴት እንደሚዞር ማየት ነው። መስመሩ ወደ አንድ ወገን የሚንሸራተት ከሆነ ሴንተሩና በዚያ በኩል ያሉት አብረው ይሄዳሉ፣ በሌላው በኩል ለሚመጣ ላይንባከር የሚቀረው ባኩ ነው። ስለዚህ ወደ ተንሸራተቱበት የምትልከው ብሊትዝ አጥር ላይ መሄድ ነው፤ በተቃራኒው የምትልከው ከባክ ጋር አንድ ለአንድ ነው። አብዛኛው የሃይስኩል ቡድን ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ነው የሚንሸራተተው፣ ብዙ ጊዜ ባኩ ከቆመበት በተቃራኒ። ባኩ ወዳለበት ላከው። እሱን ብቻ ብታውቅ ግማሹን ጨርሰሃል።

ሁለት ላይንባከሮች መንገድ ከሚያቋርጡባቸው መስቀለኛ ብሊትዞች አንድ ብቻ አስተምር። ዊሉ ቀድሞ በኤ ይገባል፣ ማይኩ ከሱ ጀርባ ታጥፎ በቢ ይገባል። የዊሉ ሥራ ሳክ (ኳርተርባኩን ኳስ እንደያዘ መጣል) አይደለም፤ የሴንተሩንና የጋርዱን ዓይን መውሰድ ነው። ማይኩ የዊሉን ተረከዝ እየታከከ ነው የሚያልፈው፣ በመሀላቸው ሰው የሚያስገባ ክፍተት አይኑር። ሁለቱ እኩል ከተነሱ ይጋጫሉ ወይም አንድ ጋርድ ሁለቱንም ያግዳል። ሁለተኛው የሚነሳው የመጀመሪያው ትከሻ ፊቱን ሲያልፍ ነው፤ መቁጠር አያስፈልገውም።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ጄቪ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁም። ፎጣውን ነገ እሞክረዋለሁ። አንድ ነገር ግን ቀረኝ። ሲደርሱም እንኳ ስክሪን (አጋጆቹ ሆን ብለው አሳልፈውን በላያችን የሚወረወር አጭር ፓስ) እና ድሮው (ፓስ አስመስሎ ኳሱን ለባኩ ሰጥቶ ማስሮጥ) ይበላናል። ሳሙ በጠርዝ ገብቶ ኳርተርባኩን ሊይዝ ሲል ባኩ በጎኑ ሾልኮ ይወጣና ኳሱ በላዩ ያልፋል። ባኩን ማን ነው የሚይዘው? የሚሮጥ ፕሌይ ላይ ብሊትዝ ከተጠራስ?

ጋሽ_ዲፌንስ፦

ልጄ፣ ሳሙ ነው የሚይዘው። ሽፋናችሁ ሰው ለሰው ከሆነ በጠርዝ የሚመጣ ሰው ሁለት ሥራ አለው። ባኩ ሊያግደው ከመጣ በላዩ ያልፋል። ባኩ እሱ ባለበት በኩል ወደ ውጭ ከወጣ ኳርተርባኩን ትቶ ከባኩ ጋር ይሄዳል። ይህ ፒል የሚባለው ነው፣ ለጠርዝ ብቻ ነው የሚሠራው። በመሀል የገባ ልጅ ዞሮ ባክ ሊከተል አይችልም፣ አትጠይቀው። የባኩ ኃላፊነት የማይኩ ከሆነ፣ እሱ ደግሞ ባኩ ለማገድ መቆሙን ካየ በኋላ ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል፤ ግሪን ዶግ ይሉታል። ለ15 ዓመት ልጅ ግሪን ዶግን አታስተምር፣ ሁለት ነገር ሲያነብ ሁለቱንም ያጣል።

ስክሪን ራሱን ይናገራል። ታክሉ ወይም ጋርዱ ልጅህን ነክቶ በቀላሉ ከለቀቀው፣ ያ ስጦታ አይደለም። ኳርተርባኩ ከወትሮው በላይ ወደ ኋላ እየሸሸ ከሄደ ያው ነው። ሁለቱን ምልክት ያየ ልጅ ቆሞ፣ ዞሮ፣ በመጣበት መስመር ይመለስ። እጁን አንስቶ ወደ ኳርተርባኩ መሮጡን የሚቀጥል ከሆነ ግን ኳሷ በላዩ ነው የምታልፈው። ለዚህ በሳምንት አንድ ልምምድ ይበቃል። አራት ብሊትዝ ላክ፣ ከአራቱ አንዱን ስክሪን አድርገው፣ የትኛው እንደሆነ አትንገራቸው።

ሩጫ ላይ ብሊትዝ የሄደ ልጅ ጋፑን ይዞ መግባቱን መተው የለበትም። ኳስ ያያል፣ ሌላ ጋፕ ውስጥ ሲሮጥ ያያል፣ ያንን ሊያሳድድ ይታጠፋል፤ የተወውን በር ባኩ ተመልሶ ይገባበታል። ጋፑ የእሱ ነው፣ እስከ ኳሱ ጥልቀት ድረስ። እዚያ ከደረሰ በኋላ ነው የሚያሳድደው። የውጩን ጠርዝ የያዘ ልጅ ደግሞ የውጭ እጁ ነፃ ይሁን፣ ከታክሉ ውስጥ በኩል አይሹለክ። በውስጥ በኩል መንገዱ አጭር ስለሆነ ያጓጓል፤ ኳርተርባኩ ግን በተወለት በኩል ወጥቶ 20 ያርድ ይሮጣል። ከኳርተርባኩ ጥልቀት ያለፈ ልጅም እንደዚሁ ነው፣ ከጨዋታ ወጥቷል። ታክሉ ሲገፋው ባለበት ጥልቀት እግሩን ተክሎ በታክሉ ጀርባ ይመለስ እንጂ ዙሩን አይጨርስ።

ጠርዝ ላይ የኤንኤፍኤሉን ኮከብ ሎረንስ ቴይለርን እያሳያችሁ ልጅ የምታሠለጥኑ አላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1986 ብቻ 20.5 ሳክ ያደረገ ሰው ነው፤ እሱ የሚዞርበትን ማዕዘን ሌላ ሰው ሲሞክረው ከሜዳ ነው የሚወጣው። የተራ ልጅ ፊልም አሳዩ።

ስለ ጥሪውም አንድ ቃል። ሦስተኛ ዳውን (ሦስተኛ ሙከራ) ላይ 12 ያርድ ሲቀራቸው ሁሉም ሰው ብሊትዝ ይልካል፣ ስክሪንና ድሮውን የሚጠራውም ያኔ ነው። ሁለተኛ ዳውን ከ7 እስከ 10 ያርድ ሲቀር ላክ። አጋጆቹ ሩጫም ፓስም ሊሆን ይችላል ብለው ከብደው ነው የሚቆሙት።

ትሬነሯ፦

ኮች፣ ከስፖርት ሕክምና በኩል ትንሽ። ሪፕ እያደረገ ዝቅ የሚል ልጅ ዓይኑንም አብሮ ዝቅ ያደርጋል። የሚታጠፈው ጉልበትና ዳሌ ነው፣ አንገት አይደለም፤ ግንባሩ ቀና እንዳለ መሬቱን ሳይሆን የሚመታውን ሰው ማየት አለበት። በአናቱ የሚገባ ልጅ ካያችሁ ልምምዱን አቁሙ፤ ለአንገቱ አደጋ ነው፣ በጨዋታም ቅጣት ነው። ኳርተርባኩ ኳሱን ከለቀቀ በኋላ የሚመጣ ምት ደግሞ 15 ያርድና አዲስ ፈርስት ዳውን ያስከፍላል። ኳሱ ስትወጣ ልጁ እጁን ወደ ጎን አውጥቶ በጎን ማለፍን አብሮ ይለማመድ፤ ሰው ሳይነግረው በራሱ የሚያቆም ልጅ የለም።

ከላይ የተጻፈው ሁሉ በሙሉ ፍጥነት ሰው ላይ መሠራት የለበትም። ዱላና ፎጣው በባዶ አየር፣ ጋፑ በሺልድ፣ የባኩ ግጭት በታድ፣ ማለትም ገጥሞ ይዞ ሳይጥል። መጣሉን ወፍራም ፍራሽ ላይ በቆመ ዳሚ (በሰው ምትክ የሚመታ ትራስ) ሥሩት፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 4 ጊዜ በቂ ነው። ኳርተርባካችሁ የተለየ ቀለም ማልያ ይልበስ፣ ልጆቹም በመዳፍ ነክተውት ይለፉ። ጣት ከማልያ ውስጥ የሚያጠላልፉ ልጆች ጣታቸውን ነው የሚሰብሩት፤ መዳፍ ክፍት፣ አውራ ጣት ወደ ላይ።

ኤ_ጋፕ፦

ትሬነሯ ካለችው ጋር፦ ፎጣውን ሳር ላይ ስታስቀምጥ ነጭ ይሁን፣ አረንጓዴው አይታይም፣ ረግጦት የሚንሸራተት ይኖራል። ሲመሽ ደግሞ አንሱት።